የዲቁና ደጅ

ዲያቆን ለመሆን አስቀድሞ ንባብ ማወቅ የቤተ ክርስቲያን ደንብ ነው። ሆኖም ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ሌላ ነው። አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ፣ ለቅስና የቀረቡት ጥቂት ቃል እያነበቡ ያልፉ ነበር፤ ለዲቁና ግን ፊደል ያልቆጠሩ፣ ገና በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ይቀርባሉ። እንግዳው ተደንቆ ቢጠይቅ፣ ጳጳሱ ማርጀታቸውንና አገሪቱ ከዚያ በፊት 23 ዓመት ያለ ጳጳስ መኖሯን ነገሩት። ልጆቹ ኋላ ይማራሉ፤ ጳጳስ ግን ከእስክንድርያ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? አልቫሬዝ ነቀፈ፤ የተጨነቀችውን አገር ማን ይፈርድባታል! በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ፤ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም።