ጣሊያን በቀኝ በኩል አይታመንም

በረዶው ቀልጦ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል መንገዶች ሲደርቁ ከየጋራዡ የሚወጣውን የብስክሌት ብዛት መቼም ሳያስተውሉት አይቀሩም። ምናልባት እርስዎም ለልጅዎ ወይም ለራስዎ ጤና ብለው ከሰው ግቢ ሽያጭ በርካሽ ያነሡት አንድ አሮጌ ብስክሌት ይኖርዎታል። ጎማውን ነፍተው፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብተው፣ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ በነበረው በሚድታውን ግሪንዌይ ላይ ጥቂት እንደ ሄዱ አንድ ድምፅ ይጀምራል። እግርዎ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ከሥር «ሲጥ» ይላል። መርገጥዎን ሲተዉ ይተዋል፤ ሲረግጡ ይመለሳል። ዘይት ቢጨምሩ አይሰማም። ወደ ጥገና ሱቅ ቢወስዱት ደግሞ የሚጠየቁት የእጅ ዋጋ ብስክሌቱን ከገዙበት ሊበልጥ ይችላል።

ስለ አንዲት ሲጥታ በታሪክ ዓምድ መጻፌ አያስገርምዎት። ድምፁ ከሚወጣበት ዕቃ ጀርባ የሦስት አገሮች እልህ አለበት፤ ከታሪኩም አንዱ ቅርንጫፍ በእኛው አገር በኩል ያልፋል።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንተዋወቅ። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኝ አንድ ዘንግ አለ። ዘንጉ በግራና በቀኝ ባሉ ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ኩሽኔታዎቹ በማቀፊያ ተይዘው በቴላዮው ታችኛ ክፍል፣ በአግድም በተቀመጠች አጭር ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ይህችን ቱቦ የዘንግ ቤት እንበላት። ማቀፊያዎቹ እንደ ብሎን ጥርስ አላቸው፤ የዘንግ ቤቷም በውስጧ ጥርስ አላት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሽከረከረ ይጠብቃል። የሰው ክብደት በሙሉ በየእርግጫው የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ማቀፊያው በፀጉር ስንጣቂ ያህል ከላላ ወይም ጥርሱ ግራሶ ካጣ፣ ብረት ከብረት እየተፋተገ ያንን ድምፅ ያወጣል።

ባሕር ዳር የታሪክ አስተማሪ በነበርሁ ጊዜ ብስክሌቴን የሚጠግኑልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ሙያውን በልጅነታቸው አሥመራ ውስጥ ነው የተማሩት። ብስክሌቱን ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው ያቆሙታል፤ እሳቸው አነስተኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። የቻይናም ሆነ የሕንድ ብስክሌት ሲመጣ ዝም ብለው ይሠራሉ። አንዳንዴ አሮጌ የጣሊያን ብስክሌት ሲመጣ ግን ሁልጊዜ አንዲት ቃል ትወጣቸዋለች፤ «መምህር፣ ጣሊያን በቀኝ በኩል አይታመንም። ዞር ሲሉ ራሱን ይፈታል።» ይህን ብለው የቀኙን ማቀፊያ በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው ያጠብቁታል። እኔ ዓድዋንና ማይጨውን አስበው የሚቀልዱ መስሎኝ እስቅ ነበር። ተማሪዎቼንም በዚችው ቀልድ አስቄያለሁ።

ቀልዱ ቦታ ነበረው። ብስክሌትን በአገራችን ሰሜን በሰፊው ያስገባው ጣሊያን ነው። በአሥመራ የብስክሌት ውድድር የተጀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያኖቹ መካከል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የፋሺስት ሹማምንት ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቅዱ አሸናፊው ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ ሆነ። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ደግሞ ከመኪናው፣ ከመንገዱና ከብስክሌቱ ጋር ቃላቱን ትቶልን ሄደ። ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፔዳል፣ ከመነዳሪ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴላዮ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል። እኔ ዛሬ በታክሲ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ፣ መኪናዬ የጃፓን ሆኖ፣ ሲበላሽ በአእምሮዬ የሚመጣው ካንዴላና ፍሪሲዮን ነው። ወራሪው ከወጣ በኋላ ቋንቋው በጋራዥ ውስጥ ቀረ።

ከዚያም በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ በዚያ ከተሰለፉት ናቸው፤ ገረመው በሮምም ተመልሷል። አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በሜልቦርን የጎዳናውን ውድድር ያሸነፈው ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። የእኛዎቹ ከጠላት መውጣት ከ15 ዓመት በኋላ ከጣሊያን ጋር በአንድ መስመር ላይ መቆማቸው ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

አሁን ወደ ጥርሱ። ብስክሌት በአውሮፓ ሲስፋፋ እያንዳንዱ አገር የራሱን ልክ አወጣ። እንግሊዞች የዘንግ ቤቱን ወርድ 68 ሚሊሜትር፣ የጥርሱን ስፋት 1.37 ኢንች አደረጉ፤ ይህም ልክ እስከ ዛሬ የበርሚንግሃም ጠመንጃ ፋብሪካ በነበረው በቢ.ኤስ.ኤ. ስም ይጠራል። ፈረንሳዮች 35 ሚሊሜትር አሉ። ጣሊያኖች 36 ሚሊሜትር ስፋትና 70 ሚሊሜትር ወርድ መረጡ። የሚያስቀው ጣሊያኖቹ ስፋቱን በሚሊሜትር ለክተው የጥርሱን ጥቅጥቅነት ግን እንደ እንግሊዞቹ በአንድ ኢንች 24 አድርገው መተዋቸው ነው።

ይህ ሁሉ የቁጥር ጉዳይ ነው። ዋናው ልዩነት በአቅጣጫው ላይ ነው። ጣሊያንና ፈረንሳይ ሁለቱንም ማቀፊያ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር እንዲጠብቅ አደረጉ። እንግሊዝ ግን የቀኙን ገለበጠው፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የእንግሊዝ ማቀፊያ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው።

ለምን? እባክዎ አንድ እርሳስ ያንሡ። በአንድ እጅዎ ላላ አድርገው ይጨብጡትና በሌላው እጅዎ ጫፉን ወደ ቀኝ ክብ እያስደረጉ ያንቀሳቅሱት። እርሳሱ በጭብጥዎ ውስጥ በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ሲንከባለል ይታይዎታል። በዘንግ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከቀኝ በኩል ሲታይ ፔዳሉ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ጭነቱም ማቀፊያውን ዙሪያውን እየተጫነ ይዞራል፤ ማቀፊያው በጥርሱ መካከል ካለችው ጥቂት ክፍተት የተነሣ በተቃራኒው ወደ ግራ ትንሽ ትንሽ ይንከባለላል። የጣሊያን ማቀፊያ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የእንግሊዙ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል።

እንግዲህ ጋሼ የተናገሩት ቀልድ አልነበረም። በቀኝ በኩል፣ ቃል በቃል፣ ራሱን ይፈታል። እኔ ይህን ለመረዳት ውቅያኖስ ተሻግሬ እጄን መቁሰል ነበረብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴንት ፖል ውስጥ ከአንድ ሰው ግቢ አንድ አሮጌ የጣሊያን የጎዳና ብስክሌት ገዛሁ። ለልጄ ነበር ያሰብሁት። ሲጥታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ራሴ ልሠራው ቆርጬ ሰማያዊ እጀታ ያለው የፓርክ መፍቻ ገዛሁ።

የፓርክን ነገር የማያውቅ አገር ሰው ብዙ ነውና ጥቂት ልበል። በዓለም ላይ በብስክሌት ጠጋኞች ዘንድ ይህን ሰማያዊ መሣሪያ የማያውቅ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ትውልዱ ግን እዚሁ ከእኛው ሰፈር ነው። በሴንት ፖል ምሥራቅ በኩል ሄዝል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ሃዋርድ ሆኪንስና አርት ኤንግስትሮም የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሬዲዮና ብስክሌት የሚጠግኑበት ሱቅ ነበራቸው። ጎንበስ ብሎ መሥራት ሰልችቷቸው ብስክሌቱን ከመሬት አንሥቶ የሚይዝ ማቆሚያ ለራሳቸው ሠሩ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1963 ከዚያ ተነሣ። ስሙ የሰፈሩ ስም ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አጠገባችን ኦክዴል ነው። ባለፍሁ ቁጥር ጋሼ በርጩማቸው ላይ ሆነው ትዝ ይሉኛል፤ ያቺን ማቆሚያ ቢያገኙ ወገባቸው ያንን ያህል አይጎብጥም ነበር።

ወደ ስሕተቴ ልመለስ። መመሪያ አነበብሁ፤ «የቀኙ ማቀፊያ በተቃራኒው ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ያዙሩ» ይላል። ትክክል ነው፤ ለእንግሊዝ ልክ። የፔዳል ክንዶቹን አውልቄ መፍቻውን ገጥሜ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ትንሽ እሺ አለኝና ቆመ። እየተፈታልኝ መስሎኝ ባለኝ ኃይል ሁሉ ብጨምርበት መፍቻው አምልጦ እጄን የሰንሰለቱ ጥርስ ላይ መታው። ደሜን እያጠብሁ ሳለ ነው ያ የባሕር ዳር ድምፅ በጆሮዬ የመጣው። ማስመሪያ አምጥቼ የዘንግ ቤቱን ወርድ ለካሁ፤ 70 ሚሊሜትር። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጠብቀው ነበር። ወደ ግራ ባዞረው ጊዜ ተፈታ፤ በውስጡ የግራሶ ሽታ እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። 68 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ ነው፤ 70 ከሆነ ጣሊያን። በአሮጌው ማቀፊያ ላይም ልኩ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያም በፊት ሲጥታው በእርግጥ ከዘንግ ቤቱ መሆኑን ይመርምሩ። ከኮርቻው ተነሥተው ቆመው ሲረግጡ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ኮርቻው ወይም ምሰሶው ነው። ፔዳሎቹን አውልቀው ግራሶ ቀብተው ይመልሷቸው፤ ጥርስ ያለውን ጎማ መሰል ሰሌዳ ከክንዱ ጋር የያዙትንም ትናንሽ ብሎኖች ያጥብቁ። ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ የዘንግ ቤቱን ቀይሯል።

አዲስ ብስክሌት ለመግዛት ለሚያስብ ደግሞ አንድ የቅርብ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካነንዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጥርሱን ጨርሶ አስቀርቶ ኩሽኔታውን በቀጥታ ቴላዮው ውስጥ በግፊት የሚያስገባ አሠራር አወጣ። ዘንጉ ወፍራምና ቀላል ሆነ። ሌሎቹም በየራሳቸው ልክ ተከተሉ፤ በካርቦን ቴላዮ ውስጥ ጥርስ ያለው ብረት መቅበር አድካሚ ነበርና ለፋብሪካዎቹ ተስማማቸው። ነገር ግን በግፊት የገባ ዕቃ ጸጥ የሚለው ቀዳዳው ፍጹም ክብና ትይዩ ሲሆን ነው። ሳይሆን ሲቀር ሲጥታው ተመልሶ መጣ፤ በብዙ ሺህ ዶላር ብስክሌት ላይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቲ47 የተባለ 47 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለጥርስ ልክ ወጣ፤ በ2019 ትሬክ በዶማኔው ላይ ተቀበለው፤ በ2020 ስፔሻላይዝድ ታርማክ በተባለው ብስክሌቱ ላይ ወደ አሮጌው የእንግሊዝ ጥርስ ተመለሰ። ቲ47ም ቢሆን የቀኙን ማቀፊያ ያዞረው እንደ እንግሊዞቹ ወደ ግራ ነው። በግፊት የሚገባው በደንብ ከተሠራ ክፉ አይደለም፤ ሆኖም በገዛ ጋራዡ ለሚሠራና ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው ባለጥርሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

አገጣጠሙ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። የዘንግ ቤቱን ጥርስ በጨርቅና በብሩሽ አጥርተው ያድርቁ። በአፉ ላይ ቀለም ከተጋገረ ይፋቁ፤ ማቀፊያው እኩል ካልተቀመጠ መቼም ጸጥ አይልም። ለብረትና ለአሉሚኒየም ግራሶ ሳይሰስቱ ይቀቡ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በመፍቻ ሳይሆን በጣትዎ ያስገቡ፤ በጣት እምቢ ካለ ጥርሱ ተጣሟል ማለት ነውና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ከውጭ በኩል የሚቀመጡት የዛሬዎቹ የሺማኖ ማቀፊያዎች የሚጠብቁት ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በረጅም መፍቻ ጠንከር ያለ የአንድ ሰው ግፊት ነው። ጣሊያን ከሆነ ግን በቀኙ ማቀፊያ ጥርስ ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ ከመኪና ዕቃ መደብር የሚገኘውን መካከለኛ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርገው እንደ ጋሼ በሁለት እጅ ያጥብቁት።

የእኔውንም እንዲሁ አደረግሁ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ መሣሪያ ያቀብለኝ ነበር። «ኩሽኔታውን» ስለው አቀበለኝ፤ «ካቻቪቴውን» ስለው ግራ ገባው። ካለቀ በኋላ ከማቀፊያው ወደ ቴላዮው የምታልፍ አንዲት ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም አሠመርሁ፤ ማቀፊያው በፀጉር ስንጣቂ ያህል ቢንቀሳቀስ መስመሯ ትቆረጣለች። ልጄ በየሳምንቱ እሑድ ብስክሌቱን ገልብጦ ያያታል። ሁለት በጋ አልፏል፤ መስመሯ እስካሁን አልተቆረጠችም።