ሌባሻይና ዋስ፤ ሰውን መያዝ መተዳደሪያ በነበረበት ዘመን

ወንጀል ሠርቶ የሸሸን ሰው ተከታትሎ መያዝ ዛሬ የፖሊስ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መደበኛ ፖሊስ ከመቋቋሙ በፊት የነበረ ኅብረተሰብ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አልቀረም፤ የሸሸውን ማን ይያዘው? ለያዘውስ ወሮታው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጥቶ እናገኛለን። አንደኛው፣ ሰውን በመያዝ ዋጋ የሚቀበል ባለሙያ ማቆም ነው። ሁለተኛው፣ የመያዙን ግዴታ በባለጉዳዩ፣ በጎረቤትና በዋስ ላይ መጣል ነው። አገራችን ሁለቱንም ሞክራለች።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የሰሜን ሸዋን መልክዐ ምድር ማስታወስ ይበቃል። የመርሐ ቤቴ መቀመጫ የሆነችው ዓለም ከተማ የምትገኘው በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች በተከበበ ደጋ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ወደ ጀማ በረሃ ወርዶ እንደገና አቀበቱን ካልወጣ አይደርስባትም። እንዲህ ባለ አገር የሰው ከብት ነድቶ በሌሊት ገደሉን የወረደ ሌባ፣ ሲነጋ ከሌላ ገዢ ግዛት ሊገባ ይችላል። መንገድና ስልክ ባልነበረበት ዘመን እርሱን ተከታትሎ መያዝ ምን ያህል አድካሚ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በቀድሞው ሥርዐት ሸክሙ መጀመሪያ የሚወድቀው በከሳሹ ላይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ነገሩ ሲከብድም በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ባለዕዳና አበዳሪም እንዲሁ። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ዛሬ ለበሽታና ለችግር ብቻ የቀረ ቢመስልም፣ መነሻው ይኸው ነው። ከቁራኛ ለመገላገል ተከሳሹ ዋስ ይጠራል። ዋሱም ሰውየውን በቀጠሮው ቀን ለማቅረብ ራሱን ያስይዛል፤ ሰውየው ቢጠፋ ፈልጎ ማምጣት ወይም ዕዳውን መክፈል የዋሱ ፈንታ ነው። ዋሱ ሲፈልግ የሚውለው ትርፍ ለማግኘት አይደለም፤ ከጉዳት ለመዳንና ቃሉን ለመጠበቅ ነው።

ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይደረጋል። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይመሰክራል፤ ስሙ እንዲገለጥ የማይፈልገውም «ወፍ» በሚባለው ምስጢረኛ በኩል ይጠቁማል። የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም የጠፋውን ንብረት አገሩ በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ሥርዐቱ ብዙ የሥራ ቀን የሚያባክን፣ ያላጠፋውንም የሚያስከፍል ስለ ነበር እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ሰው ስለ ተያዘ ገንዘብ የሚያገኝ ወገን በውስጡ አልነበረም።

ሌባሻይ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስሙ ራሱ ሌባን የሚሻ፣ ማለት የሚፈልግ፣ ማለት ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን የውጭ አገር ተጓዦች ሥራውን በዝርዝር ጽፈውታል። ሌባሻዩ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒት በወተት ያጠጣዋል፤ ጢስም ያስምገዋል። ልጁ ራሱን ስቶ ይወድቅና ተነሥቶ ይሮጣል፤ ሌባሻዩ በወገቡ የታሰረውን መቀነት ወይም ገመድ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ እንዲከፍል ይገደዳል።

ከዚህ ላይ መመርመር ያለበት የመድኃኒቱ ምንነት ብቻ አይደለም፤ የክፍያው ነገርም ነው። ሌባሻዩ የሚኖረው ሌባ «በማግኘት» ነው። ልጁ ከሜዳ ቢቀር ሙያው ይዋረዳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቤት መግባቱ አይቀርም። ባዶ ሆኖ ሳለ ክብደት የሚያሳይ ሚዛን በገበያ እንደማይታመን ሁሉ፣ «አላገኘሁም» ለማለት የማይችል መርማሪም አይታመንም። ከዚያም በላይ፣ ልጁን የሚመራው ገመድ በሌባሻዩ እጅ ስለ ነበር ጠላት ያለው ሰው ሁሉ ይሠጋ ነበር።

ይህ አደጋ የኛ አገር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1692 በወጣ ሕግ የመንገድ ቀማኛን ይዞ ላስፈረደ 40 ፓውንድ ወሮታ ተመደበ። ጆናታን ዋይልድ የተባለው የታወቀ ሌባ ያዥ በስውር የሌቦች አለቃ ሆኖ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ1725 ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ1754 ደግሞ ወጣቶችን ለዘረፋ እያነሣሡ፣ መልሰው እየያዙ ወሮታውን የሚካፈሉ ሰዎች ተጋለጡ። ለንደን መደበኛ ፖሊስ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። በአሜሪካ ግን ሙያው እስከ ዛሬ አለ። የዋስትና ነጋዴ ከተከሳሹ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እየተቀበለ ዋስ ይሆናል፤ ሰውየው ሲጠፋም አዳኝ ይቀጥራል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1872 በሰጠው ፍርድ ዋሱ የጠፋውን ሰው እስከ ሌላ ግዛት ተከታትሎ ሊይዘው፣ አስፈላጊም ሲሆን ቤቱ ገብቶ ሊያወጣው እንደሚችል ገልጿል። አዳኙ ዋጋውን የሚያገኘው ሰውየውን ካመጣ ብቻ ነው። ኢሊኖይና ኬንታኪን የመሳሰሉ ግዛቶች ይህን የዋስትና ንግድ ከልክለዋል።

በኢትዮጵያ የፖሊስ ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከቀድሞው ልማድ የትኛው ወገን እንደ ተመረጠ ያሳያል። ዋስ የሰውየውን መቅረብ በገንዘብ አረጋግጦ ይፈርማል። ማንም ሰው ከባድነቱ በሕግ በተወሰነ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን አጥፊ ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዝ እንደሚችል አንቀጽ 50 ይፈቅዳል፤ የተያዘው ግን ለፖሊስ መሰጠት አለበት። ዋሱና የመንደሩ ሰው በሕጉ ውስጥ ቦታ አገኙ፤ ሌባሻዩ አላገኘም።

ወሮታ ፍለጋ ሰውን የሚያድኑ ጀግኖችን በፊልም የሚያይ ወጣት ሙያውን ቢመኘው አያስደንቅም። ድፍረት፣ ትዕግሥትና የአገር ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ሙያ ሁሉ የሚመዘነው ባለሙያው በሚያገኘው ጥቅም ብቻ ሳይሆን፣ ባለሙያው ሲሳሳት ዕዳውን በሚከፍለው ሰው ጭምር ነው። ዋስ ቢሳሳት የሚከፍለው ራሱ ነበር። ሌባሻይ ሲሳሳት ይከፍል የነበረው ግን ልጁ ቤቱ ገብቶ የተኛበት ገበሬ ነው።