ሃርድ ዲስክ ሲሞት የሞተው ማነው?

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን ጭጭ። አይዞርም፣ ትንሽ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፣ በሕይወት የሌለች እናት ፎቶ አለ። ይሄኔ አንድ ጎበዝ ጓደኛ አይጠፋም። «ምን ችግር አለው? ተመሳሳይ ገዝተህ ቦርዱን መቀየር ነው!» ይላል።

ጓደኛችን አልዋሸም፤ ምክሩ ግን ጊዜ አልፎበታል። እንዴት እንዳለፈበት ለማየት እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በ1956 አይቢኤም ራማክ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ ዲስኩ ቁም ሣጥን ያክል ነበር። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች እየተሽከረከሩ የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። በ1980 ሲጌት ያወጣው ኤስቲ-506 ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር የሚሆን ነበር፤ የያዘው 5 ሜጋባይት ሲሆን ዋና መቆጣጠሪያው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻው የሚሰካ ካርድ ነበር። በ1986 ኮምፓክ ኮምፒውተሮች ላይ አይዲኢ የሚባለው አሠራር መጣና መቆጣጠሪያው ዲስኩ ሆድ ላይ ተለጠፈ። የጓደኛችን ምክር የተወለደው እዚህ ነው፦ ብሎኑን ፍታ፣ የተመሳሳዩን ሞዴል ቦርድ ግጠም፣ ተነሳ!

መረጃው ያለው ሳህኑ ላይ ነው፤ ቦርዱ አንባቢው ነው። ለዚህ ከኮሎምቢያ መንኮራኩር የበለጠ ምስክር የለም። የካቲት 1 ቀን 2003 ሰባት ጠፈርተኞችን ይዛ ስትበታተን አንድ 400 ሜጋባይት ዲስክ አብሮ ወደቀ። ከወራት በኋላ ሲገኝ ቦርዱ ከስሎ ነበር። ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጥበው በሌላ ዲስክ አካል ውስጥ አስገቧቸው፤ 99 በመቶ የሚሆነው መረጃ ወጣ። ጥናቱም በ2008 ታተመ።

ታዲያ ዛሬ ቦርድ መቀየር ለምን አይበቃም? ሳህኑ ላይ የሚጻፈው እየጠበበ ሲሄድ ሁለት ዲስኮች ፍጹም አንድ መሆን ስላቃታቸው ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻው ይለካና ልኩን ከፊሉን ሳህኑ ላይ፣ ከፊሉን ቦርዱ ላይ ባለች ሮም በምትባል ማስታወሻ ይጽፈዋል። ብዙ ጊዜ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ናት፤ አንዳንዴ ዋናው ቺፕ ውስጥ ትደበቃለች። የሌላ ዲስክ ቦርድ ስትገጥሙ በሰው መነጽር እንደማንበብ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ቁጥሩ የሚመሳሰል ቦርድ ይፈልግና የአሮጌውን ሮም ነቅሎ ይበይድበታል፣ ወይም ይዘቱን ይገለብጣል። አንዳንዴም የተቃጠለው ትርፍ ኤሌክትሪክ የሚጠልፈው ዳዮድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ሲነሳ መረጃ እስኪገለበጥ ድረስ ዲስኩ ይሠራል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ውስጥ ነው፤ ደጋግማችሁ አታስነሱት፣ ክዳኑንም ቤት ውስጥ አትክፈቱ።

ቦርዱ የተቃጠለባችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ አዲስ ቦርድ አገኘሁ ብላችሁ አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉት። የእናታችሁ ፎቶ እዚያ ላይ የለም፤ ቁልፉ ግን እዚያው ላይ ሊሆን ይችላል።

ቸር ይግጠመን!