ባለ ጎማ የበረዶ ላይ ዓሣ ማስገሪያ ቤት

ባለ ጎማ የበረዶ ላይ ዓሣ ማስገሪያ ቤት በቅዝቃዜ ወራት ገጹ ወደ በረዶ በሚለወጥ ሐይቅ ላይ የሚያርፍ፣ ወለሉ ላይ ዓሣ የሚጠመድባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ተጎታች ቤት ነው። በመንገድ ላይ እንደ ማንኛውም ተጎታች በመኪና ይሳባል። ሐይቁ ላይ ሲደርስ ጎማዎቹ ወደ ላይ ይነሡና ወለሉ በረዶው ላይ ይቀመጣል። በውስጡ ማሞቂያ፣ አልጋ፣ ማብሰያና መብራት ስለሚኖረው ሰዎች ለብዙ ቀናት ሊያድሩበት ይችላሉ። በብዛት የሚገኘው በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ግዛቶች፣ በተለይም በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲን፣ በሰሜን ዳኮታና በደቡብ ዳኮታ ሲሆን፣ በካናዳም ይታወቃል።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተሽከርካሪም፣ መኖሪያም፣ በውኃ ላይ የተቀመጠ ሸክምም ነው። ስለዚህ በግዢውና በዝግጅቱ ወቅት የሚነሡ አብዛኞቹ ጥያቄዎች መጨረሻቸው ክብደት ነው። ለምቾት ተብሎ የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ጎታቹን መኪናም፣ የሐይቁን በረዶም ይጫናል።

ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢና ከዚያ በስተምዕራብ የሚኖሩት የኦጂብዌና የዳኮታ ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በረዶ እየሰበሩ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ከዘዴዎቹ አንዱ ቀዳዳውን በብርድ ልብስ ወይም በቆዳ ከልሎ ብርሃን እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከለላው ሲጨልም ውኃው ከሥር ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ዓሣውን ከእንጨት በተቀረጸ ማታለያ ወደ ቀዳዳው አቅርቦ በጦር መውጋት ይቻላል።

በኋላ ሰፋሪዎች ከእንጨትና ከቆርቆሮ ትንንሽ ጎጆዎችን እየሠሩ፣ ከሥራቸው እንደ ሸርተቴ የሚያገለግሉ እንጨቶችን እየመቱ በረዶ ላይ መጎተት ጀመሩ። እነዚህ ጎጆዎች አንድ ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ማንቀሳቀስ አድካሚ ስለነበረ ብዙውን ጊዜ ወቅቱ እስኪያልቅ ከቦታቸው አይነሡም ነበር። ባለ ጎማው ቤት ይህን ለወጠ። ዓሣው ከአንድ ስፍራ ሲርቅ ቤቱን በደቂቃዎች ውስጥ አንሥቶ መከተል፣ ቅዳሜና እሑድን አንድ ሐይቅ ላይ አሳልፎ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሐይቅ ላይ ማረፍ ተቻለ። በመጀመሪያ ብዙዎቹ በየቤቱ ግቢ በብየዳ የተሠሩ ነበሩ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን በፋብሪካ ማምረት ተስፋፋ። በሚኒሶታ ሞንቴቪዲዮ ከተማ የሚሠራው «አይስ ካስል» በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት ስሞች አንዱ ነው።

በሚኒሶታ ስፋታቸው 4 ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ከ11,000 በላይ ሐይቆች አሉ። ሚል ላክስ፣ ሊች ሌክ፣ አፐር ሬድ ሌክና ከካናዳ ጋር የሚዋሰነው ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ በበረዶ ላይ ዓሣ ማስገር በስፋት ይታወቃሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ዓሣ ዋልአይ ሲሆን፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቲቱ ምልክት ነው።

አሠራር

የቤቱ መሠረት ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተበየደ ሻንሲ ነው። በተራ ተጎታች ላይ አክሱ ከሻንሲው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። በዚህ ቤት ግን ጎማዎቹ በሚታጠፍ ክንድ ላይ የተሰቀሉ ናቸው። በእጅ በሚዞር የሽቦ ገመድ መጠቅለያ ወይም በሃይድሮሊክ ኃይል ክንዱ ሲለቀቅ ቤቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲሳብ ደግሞ ተመልሶ ይነሣል። በእጅ የሚዞረው ርካሽና በቀላሉ የሚጠገን ነው፤ ነገር ግን ጉልበትና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ውጥረት ላይ እያለ እጀታው ከእጅ ካመለጠ ሰውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የሃይድሮሊኩ ፈጣን ቢሆንም በባትሪ ላይ ይመካል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ወለሉ ላይ ክብ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ ስፋታቸው 10 ኢንች (25 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ሲሆን ክዳን አላቸው። ቤቱ ካረፈ በኋላ በሞተር ወይም በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በረዶውን ይበሳል።

ግዢ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱን የሚጎትተው መኪና አቅም ነው። እያንዳንዱ ተጎታች ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሊኖረው የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት በላዩ በተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ይገለጻል። ገዢው ይህን ከመኪናው የመጎተት አቅም ጋር ማነጻጸር አለበት፤ የባዶውን ቤት ክብደት ብቻ ማየት ያሳስታል። ባዶውን 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ሁለት ሙሉ የጋዝ ሲሊንደሮች 35 ኪሎ፣ ሁለት ባትሪዎች 55 ኪሎ፣ ጄኔሬተር ከነነዳጁ 25 ኪሎ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ልብስና የማጥመጃ ዕቃ 150 ኪሎ ቢሆኑ 265 ኪሎ ይጨመራል። አራት ሰዎች ሲገቡበት በረዶው ላይ ያረፈው ሸክም ከ3,000 ኪሎ ያልፋል፤ አጠገቡ የቆመው መኪና ገና አልተቆጠረም።

ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው ማገናኛ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ከዚህ ካነሰ ተጎታቹ በመንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናውን የኋላ ክፍል ይጫናል። ስለዚህ አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሣጥን የሚቀመጡበት ቦታ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ የሻንሲው ብረት ነው። የብረት ሻንሲ ርካሽና በማንኛውም በያጅ የሚጠገን ቢሆንም ይከብዳል፤ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ያዝገዋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ እንደ ብረትም አይዝግም፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ ብየዳውም ልዩ ሙያ ይፈልጋል።

ሦስተኛው መጠን ነው። አነስተኛው ቤት ለሁለት ሰው የሚበቃ ሲሆን፣ ትልቁ ከ9 ሜትር በላይ ርዝመት፣ መታጠቢያና ሳሎን ሊኖረው ይችላል። ትልቁ የቅንጦት ቤት ዋጋው ከ100,000 ዶላር ሊበልጥ ይችላል። ከባድ ቤት ግን የሚገባበት ጊዜ ያጥራል፤ ቀላል ቤት ያለው ሰው ሐይቅ ላይ በወጣ ጊዜ የከባዱ ባለቤት በረዶው እስኪወፍር ሳምንታት መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል።

ያገለገለ ቤት የሚገዛ ሰው ከሥር ተኝቶ ሻንሲውን፣ በተለይም ክንዶቹ የተበየዱበትን ቦታ፣ ስንጥቅና ዝገት እንደሌለበት ማየት ይገባዋል። የወለሉ እንጨት በቀዳዳዎቹ ዙሪያ መበስበሱን፣ የጎማዎቹን ዕድሜ፣ የኩሽኔታዎቹን ጤንነት፣ የሽቦ ገመዱን መላላጥና የጋዝ መስመሩን መመርመር ያስፈልጋል። ቤቱን አንድ ጊዜ አውርዶና አንሥቶ ማየት ከብዙ ጥያቄ ይሻላል።

የውስጥ ዝግጅት

ሙቀት። በግድግዳው፣ በጣሪያውና በወለሉ ውስጥ የሚነፋው ጠጣር ፎም ቅዝቃዜን ይከላከላል። ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮፔን ጋዝ ይሠራል። በሰዓት 20,000 ቢቲዩ የሚሰጥ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢነድ 9 ኪሎ ያህል ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር በ21 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ክፍሉ ከሞቀ በኋላ እየጠፋና እየበራ ስለሚሠራ ግን ጋዙ ከዚህ በላይ ይቆያል። ጥሩ የሚባለው ማሞቂያ ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጭ አስገብቶ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ነበልባሉ ለክፍሉ ክፍት የሆነ ማሞቂያ አየሩን ከሰዎቹ ጋር ይሻማል።

መርዛማ ጋዝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የጭስ ማውጫ በአመዳይ ሲደፈን ወይም ጄኔሬተር ከቤቱ ተጠግቶ ሲሠራ ጋዙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተኛ ሰውንም ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከአልጋ በፊት ሊሟላ የሚገባው ዕቃ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የእሱ ደወል ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይገጠማል።

ኤሌክትሪክ። መብራት፣ የማሞቂያ ማራገቢያና የውኃ ፓምፕ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። የእርሳስ ባትሪ በብርቱ ቅዝቃዜ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። የሊትየም ባትሪ ቀላል ቢሆንም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል፤ ስለዚህ በሞቀው የቤቱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ማጥመጃ። በግድግዳው ላይ ከየቀዳዳው በላይ ክር የተጠቀለለበትና ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ያለው ትንሽ መንኮራኩር ይሰቀላል። ዓሣ መንጠቆውን ሲጎትት መንኮራኩሩ እየዞረ ድምፅ ስለሚያሰማ የተኛው ሰው ይነቃል። ከዚህ ሌላ የዓሣውን ጥልቀት የሚያሳይ የድምፅ ሞገድ መሣሪያና የውኃ ውስጥ ካሜራ የተለመዱ ናቸው።

የበረዶው አቅም

ውኃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ቀለል ብሎ ላይ ስለሚቀር ሐይቅ መጋገር የሚጀምረው ከገጹ ነው፤ ከሥር ያለው ውኃና ዓሣው ግን አይጋገሩም። በረዶው የሚሸከመው ክብደት ከውፍረቱ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለአዲስና ጥርት ላለ በረዶ የሚከተለውን ዝቅተኛ ውፍረት ይመክራል፦

- በእግር ለሚሄድ ሰው፦ 4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር)
- ለበረዶ ሞተርሳይክል፦ ከ5 እስከ 7 ኢንች (ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር)
- ለአነስተኛ አውቶሞቢል፦ ከ9 እስከ 10 ኢንች (ከ23 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር)
- ለከባድ ፒክአፕ፦ ከ16 እስከ 17 ኢንች (ከ41 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር)
- ባለ ጎማ ቤት ለሚጎትት ከባድ ፒክአፕ፦ ከ20 ኢንች በላይ (ከ51 ሴንቲ ሜትር በላይ)

ከአመዳይ ጋር ተቀላቅሎ የረጋ ነጭ በረዶ ደካማ ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ ሊሆን ይገባል። በወንዝ መግቢያ፣ ከሥር ምንጭ በሚፈልቅበትና ሁለት የበረዶ ንጣፎች ተገፋፍተው ባበጡበት ቦታ ውፍረቱ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ፈጽሞ አስተማማኝ የሆነ በረዶ የለም ይላል፤ እየሄዱ ደጋግሞ በመብሳት መለካትንም ያሳስባል።

የቆመ ቤት የሚያደርሰው ጫና ከሚያልፍ መኪና ይለያል። ከባድ ሸክም አንድ ቦታ ሲቆይ በረዶው ሳይሰበር ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ውኃም በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ወለሉን ይከባል። ያ ውኃ ሲጋገር ሻንሲውን ይይዘዋል። ይህን ለመከላከል ቤቱ ሲወርድ ከሥሩ የእንጨት ጉርድ ይደረጋል፤ ቤቶችና መኪኖች ተራርቀው ይቆማሉ፤ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰውም ቦታ ይቀይራል።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2023) በአፐር ሬድ ሌክ ላይ ትልቅ የበረዶ ንጣፍ ከዳር ተገንጥሎ ከ100 የሚበልጡ አጥማጆችን ይዞ ተንሳፈፈ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። በዚያ ዓመት ቅዝቃዜው ለሚኒሶታ ያልተለመደ መለስተኛ ስለነበረ በብዙ ሐይቆች ላይ ባለ ጎማ ቤት የሚሸከም በረዶ ዘግይቶ መጣ ወይም ጭራሽ አልመጣም።

ሕግ

በሚኒሶታ ሰው ሳይኖርበት በረዶ ላይ የሚቀር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባለቤቱን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ቁመቱ ከ2 ኢንች ባላነሰ ፊደል ውጭው ላይ ይጻፋል፤ ሌሊት በረዶ ላይ የሚያድር ቤትም በየጎኑ ብርሃን የሚመልስ ምልክት ይኖረዋል። በደቡባዊው የግዛቲቱ ክፍል እስከ ማርች የመጀመሪያ ሰኞ፣ በሰሜናዊው ደግሞ እስከ ማርች ሦስተኛ ሰኞ ቤቶቹ ከበረዶ ላይ መነሣት አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት ሊቆዩ የሚችሉት ሰው ካለባቸው ብቻ ነው። ቆሻሻና የሰው ዓይነ ምድር በረዶ ላይ መተው የተከለከለ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ሁሉም ወደ ሐይቁ ይገባልና።

ጥገና

ወቅቱ ሲያልቅ የውኃ መስመሩ ባዶ ይደረጋል፣ ጋዙ ይዘጋል፣ ባትሪው ይወጣል፣ ኩሽኔታዎቹ ግራሶ ይቀባሉ። አይጥ እንዳይገባ የወለሉ ቀዳዳዎች በሚገባ ይከደናሉ። አንዳንድ ባለቤቶች በበጋ ቤቱን ለሽርሽር ማደሪያ ይጠቀሙበታል።