ድንበር ተሻጋሪ ቅጂ

ፕሮግራም ከካሜራ ወይም ከሌላ መሣሪያ መረጃ ሲፈልግ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ይጠይቃል፤ ከርነሉም ጥያቄውን የመሣሪያውን ጠባይ ለሚያውቀው ድራይቨር ይመራዋል። ድራይቨሩ ያመጣው መረጃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በከርነሉ ሜሞሪ ነው። ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ማሻገሪያው በሊኑክስ «ኮፒ ቱ ዩዘር»፣ ተገላቢጦሹ ደግሞ «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» ይባላል። ሁለቱን በአንድነት «ድንበር ተሻጋሪ ቅጂ» ብላቸው እመርጣለሁ። መቅዳቱማ ቀላል ነው፤ ጣጣው ያለው ድንበሩ ላይ ነው።

ድንበሩን የሚያስከብረው ፕሮሰሰሩ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ከርነል በደረጃ ዜሮ፣ ተራ ፕሮግራም በደረጃ ሦስት ይሠራል። ፕሮግራሙ የከርነሉን ሜሞሪ ልንካ ቢል ይታገዳል። ነገር ግን መረጃው የት ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ይኸው የማይታመን ፕሮግራም ነው። «እዚህ አድርስልኝ» ብሎ የሰጠው አድራሻ የከርነሉ የራሱ ጓዳ ቢሆንስ? ድራይቨሩ ሳያጣራ ከጻፈ ተራ ተጠቃሚ ከርነሉን በራሱ በከርነሉ እጅ አስመታው ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት አድራሻው በእርግጥ በተጠቃሚው ክልል ውስጥ መሆኑ ይጣራል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሊኑክስ 4.13 «ዌይትአይዲ» የተባለው የሲስተም ጥሪ (ድራይቨር ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው) እንደገና ሲጻፍ ማጣሪያው ተረሳ፤ ተራ ተጠቃሚም የከርነሉን ሜሞሪ መለወጥ የሚችልበት ቀዳዳ ተከፈተ። ቀዳዳው በዚያው ዓመት ተደፈነ። በ2019 ደግሞ ማጣሪያው የተጠቃሚውን ሜሞሪ መዳረሻ በሚከፍተው ተግባር ውስጥ ገባ፤ ፕሮግራመሩ እንዳይረሳው ነው።

አድራሻው በክልሉ ውስጥ ሆኖ ገጹ፣ ማለትም አድራሻው ያለበት የሜሞሪ ክፍል፣ በቦታው ላይገኝ ይችላል፤ ወደ ዲስክ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቅጂው ቆሞ ገጹ እስኪመለስ ይጠብቃል። ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ የመሣሪያ ጥሪ፣ በሚስተናገድበት ሰዓት ይህን ቅጂ መጥራት የማይፈቀደውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ቆሞ መጠበቅ የለም። ደግሞም በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሌላ ፕሮግራም ሜሞሪ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ግን መልሱ ነው። «ኮፒ ቱ ዩዘር» የሚመልሰው ሳይቀዳ የቀረውን የባይት ብዛት ነው፤ ዜሮ ማለት ሁሉም ደረሰ ማለት ነው። ከ100 ባይት 40ው ቢቀርና ድራይቨሩ ይህንኑ 40 እንዳለ ቢመልስ፣ ፕሮግራሙ «40 ባይት ደረሰኝ» ብሎ ያነባል። ትክክለኛው መልስ ኔጌቲቭ «ኢፎልት»፣ ማለትም የመጥፎ አድራሻ የስህተት ቁጥር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቀረውን ብዛት መመለስ ለስህተት የሚጋብዝ አሠራር ነው።

ለቪዲዮ ዓይነቱ ብዙ መረጃ ደጋግሞ መቅዳት ጊዜ ስለሚበላ፣ ብዙ ድራይቨሮች «ኤምማፕ» በሚባለው መንገድ መረጃው ያረፈበትን ያንኑ ሜሞሪ ለፕሮግራሙም ያሳዩታል። ቅጂው ይቀራል፤ ነገር ግን ድራይቨሩ አንድን ቁጥር ካጣራ በኋላ ሊጠቀምበት ሲል ፕሮግራሙ ሊለውጥበት ይችላል። በዚህ ምክንያት የምስሉ ክምር በጋራ ገጽ ሲያልፍ፣ መጠንና ትእዛዝ የያዘው ትንሹ ክፍል ግን ቀድሞ ወደ ከርነሉ ይቀዳል፤ የሚጣራውም ያ ቅጂ ነው።