የጅብ ድምፅና የሰው ስም



ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ያደረ መንገደኛ የይፋትን ቆላ ሌሊት የሚያውቀው በጆሮው ነው። ጅብ ሲጮኽ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ አውሬው ራሱ ግን አይታይም። ፍርሃትም የሚበረታው ዐይን ካላየው ነገር ነው።

በጥቂት ገንዘብ አስፈሪ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ምሥጢር ደኅና አድርገው ያውቁታል። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው «የድመት ሰዎች» የተባለው ፊልም ወደ ነብርነት ስለምትለወጥ ሴት የሚተርክ ነው፤ ገንዘቡ ስላነሰም ፍርሃቱን በአብዛኛው በጥላና በድምፅ ፈጠረው። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ጋርጎይልስ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ፊልም ተዋንያንን የጭራቅ መልክ አልብሶ አቀረበ፤ ለዚሁ የመልክ አሠራሩም የኤሚ ሽልማት ተሰጠው።

በእኛ አገር ግን ለዚህ ዐይነቱ ታሪክ ካሜራም ልብስም አላስፈለገም። «ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ወሬ በእሳት ዳር ሲነገር ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንኳ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፥ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ጉትቻ ማየቱን ጽፏል። የባዕድ አገር ሰው ይህን ካለ፥ ወሬው ምን ያህል ኀይል እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም።

ዳሩ ግን በፊልሙና በእኛ ወሬ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ፊልሙ ሲያልቅ ጭራቅ ሆኖ የታየው ሰው ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ወሬ ግን በሕያው ሰው ላይ የተለጠፈ ነበር። የይፋትን ቆላ ከላይ ሆኖ በሚመለከተው በአንኮበር አካባቢም ሆነ በሌላው አገር፥ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ፥ ምጣድና እንስራ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባሉ ይታሙ ነበር። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ ያርሳል፤ እንጀራውንም በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ያስጋግራል፤ ልጁን ግን ለልጃቸው አይድርም። ሌሊት ያስፈራው ተረት ቀን ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ የእጅ ሙያንም አዋረደ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ። አዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም፤ ሐሜቱም ከአዋጁ በኋላ ለብዙ ዘመን ቆየ።

እንግዲህ፥ አድማጮች ሆይ፥ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን የቴሌቪዥኑን ጭራቅ አይተን ብንደነግጥ ነውር የለበትም። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን አብርተን፥ ጅብ ጅብ እንደ ሆነ፥ ቀጥቃጭም ሰው እንደ ሆነ ለልጆቹ መንገር ግን የእኛ ፈንታ ነው።