የጭቃው በሬ መልክ
(ከራያና ቆቦ እረኞች የታሪክ መዝገብ)

በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በስም የታወቁ እንስሳት ይቆጠሩ ቢባል አብዛኞቹ ፈረሶች ሆነው ይገኛሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ታጠቅም በዝብዝም ዳኘውም ነጋም የፈረስ ስሞች ናቸው። ፈረሱ ጌታውን ተሸክሞ ታሪክ ውስጥ ገባ፤ ስሙም ከጌታው ስም ጋር ተጻፈ። መልካም ነው። ታዲያ ለነዚህ ሁሉ ጌቶች ስንቁን ያመረተው፣ አገሩን ያረሰው በሬስ? የገበሬው በሬ የት ተጻፈ? ይህች አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ከቆቦ ሜዳ አንድ መልስ ለማቅረብ የምትሞክር ናት። መልሱ ያለው ብራና ላይ ሳይሆን ጭቃ ላይ ነው።

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጎብየንና ሮቢትን ያለፈ ሰው ቆቦ ከተማን ያገኛል። በምዕራብ የላስታ ተራሮች ቆመዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ከብቱም የታወቀ ነው። የራያ በሬ ቀንደ ረጅም ነው፤ በእርሻ ጉልበቱም ከአካባቢው ውጭ ሳይቀር ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1520 በዚህ አቅጣጫ ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ ዶባዎች ይኖሩበት ስለነበረው አገር ሲጽፍ የከብቱ ብዛትና ትልቅነት እንዳስደነቀው ተናግሯል። ብዛትና ትልቅነት! መንገደኛ የሚያየው ይህንን ነው። እረኛ የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ እረኛ የሚያየው መልክ ነው።

የኛ አገር ልጅ የከብት መልክ የሚማረው ከጭቃ ነው። እኔም ከጎሊና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ስለሆንኩ ይህን የምጽፈው ሰምቼ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲያባራ ዋልካው መሬት ይለሰልሳል። እኛ ልጆች ጭቃውን እያሸን በሬ እንሠራለን። ሻኛውን በአውራ ጣት እንቆነጥጠዋለን። የግራር እሾህ ሁለት መርጠን ቀንድ እንተክልለታለን። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ማቅለም። ጥቁር ለሚሆነው ከምጣድ ሥር ጥቀርሻ እንፍቃለን። ቀይ ለሚሆነው ቀይ አፈር በውሃ እንበጠብጣለን። ለዳለቻው አመድ እንነሰንሳለን። ግንባሩ ነጭ ለሆነው ደግሞ ከእናታችን ዕቃ የማሽላ ዱቄት በጣት እንሰርቃለን። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን የጠጠር በረት ሠርተን እናስገባቸዋለን። በዚያ በረት ውስጥ ዝም ብሎ «በሬ» የሚባል የለም። አንዱ ዳማ ነው፣ አንዱ ጉራች ነው፣ አንዱ ቦራ ነው። መልኩን ያላወቀ ልጅ ከጨዋታው ይወጣል።

አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት መሆኑ ነው፣ አዲስ ነገር ላምጣ ብዬ የእስክሪብቶ ቀለም አፍስሼ በሬዬን ሰማያዊ አደረግሁት። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ጓደኞቼ በቅናት ተንጫጩ። እኔም ኮራ ብዬ ለአያቴ ወስጄ አሳየኋቸው። አያቴ በሬውን አገላብጠው አዩትና፣

«ጎበዝ፣ ቀንዱ አምሮበታል። ግን ልጄ፣ ይኼ በሬ ቢጠፋብህ ምን ብለህ ትፈልገዋለህ?» አሉኝ።

«ሰማያዊ በሬ አያችሁ ወይ እላለሁ፣ አባየ» አልኳቸው።

«ታዲያ ሰዉ ያበደ ልጅ መጣ ይልሃላ!» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ያፈርኩት ስለተሳቀብኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ማጥናት ስጀምር ግን ያች ጥያቄ ቀልድ ብቻ እንዳልነበረች ገባኝ። አያቴ የነገሩኝ ስለ ማስረጃ ነው። በቆላው አገር ከብት ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይነዳል። በራያና በአፋር መካከል ከብት መነዳዳት ለብዙ ዘመን የኖረ ነገር ነው። የጠፋበት ሰው መንደር ለመንደር ሲያፈላልግ፣ ገበያ ላይ ሲጠይቅ፣ ጉዳዩም ለሽማግሌ ሲቀርብ በእጁ ያለው ሰነድ የከብቱ መልክ ብቻ ነው። በድሮው የአውጫጭኝ ወይም የአፈርሳታ ሥርዓት የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባ ሲጣራም የጠፋው ምን እንደሆነ በቃል መነገር ነበረበት። ስሙ የማይታወቅ መልክ ያለው ከብት ባለቤት የሌለው ከብት ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ለጌታው ማዕረጉና ማኅተሙ የሚሠራለትን ሥራ ለገበሬው «ዳማ፣ ግንባረ ቦራ» የሚሉት ሁለት ቃላት ይሠሩለት ነበር።

እስቲ እነዚህን ቃላት ጠጋ ብለን እንመልከታቸው። ጉራች ጥቁር ነው። ዳማ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ነው። ዳለቻ አመድማ ነው። ቡላ አቧራ የመሰለ ፈዛዛ ነው። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው። አምባላይ የሚባለው ነጭ ፈረስ ነው። ዥጉርጉር፣ ቡራቡሬ፣ ጉራማይሌ ስንል ደግሞ የተቀላቀለውን ሁሉ በየዓይነቱ እንለያለን። ዶሮ እንኳን ገብስማና ወሰራ አላት። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የመጡት ከኦሮምኛ ነው። ጉራች ከጉራቻ፣ ዳለቻ ከዳላቻ፣ ቡራቡሬም ዥጉርጉር ማለት ከሆነው ከቡሬ የወጡ ናቸው። ይህ ለራያ ሰው አያስደንቀውም። ራያ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው አንድ ገበያ የሚውሉበት አገር ነው። ስለ ሕዝቦች መቀላቀል የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጦርነትንና ግብርን ይቆጥራሉ፤ ከብት ተራ ገብተው ቢያዳምጡ ኖሮ ግን ያንኑ ታሪክ ከአንድ ጊደር ጀርባ ላይ ያነቡት ነበር። ቃሉ ከከብቱም አልፎ ሰው ላይ ደርሷል። ከተሜው ስለ አንዲት ልጅ «ቀይ ዳማ ናት» ሲል የፈረስና የከብት መልክ መዋሱን መቼ ያስበዋል?

የእንስሳ ምስል ከጭቃ መሥራት የትናንት ነገር አይደለም። በአክሱም አካባቢ ሐውልቲ በሚባለው ሥፍራ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ሰዎች ከሸክላ የሠሯቸው የከብት ምስሎች ተገኝተዋል። በጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ደግሞ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ምስሉ እዚያው በሌሎች እጅ ሲሠራ ቆይቷል። የወለቃው ምስል ግን ለገዢ የተሠራ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የኛ የጭቃ በሬ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሙዚየም ውስጥ አይገኝም፤ አይሸጥም፤ ከብት ጠባቂ ልጅ እስካለ ድረስ ግን በየክረምቱ እንደገና ይወለዳል።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ብሬየር የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ከፕላስቲክ የተሠሩና ቀለም የተቀቡ ፈረሶች ይሸጣል። የሚሰበስቧቸው ሰዎች ልጆች ብቻ አይደሉም፤ አዋቂዎችም ናቸው። የሚከራከሩትም በምን መሰላችሁ? «ይህ ቀለም በእውነተኛ ፈረስ ላይ ይገኛል ወይስ አይገኝም?» በሚለው ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ ሰማያዊና ወርቅማ ፈረሶች አውጥቶ ነበር። በጊዜው ብዙ ገዢ አላገኙም፤ ዛሬ ግን ጥቂት በመሆናቸው ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሟቸዋል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የኔ ሰማያዊ በሬ ትዝ አለኝ። እዚያ ሰማያዊው ፈረስ የተወደደው እንደሱ ያለ ፈረስ በዓለም ላይ ባለመኖሩ ነው። አያቴ ሰማያዊውን በሬ የናቁትም በዚያው ምክንያት ነው። ልዩነቱ ከብት ለመሰብሰብ በሚኖር ሰውና በከብት በሚኖር ሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሳይንሱም ቢሆን ከአያቴ ጋር ነው። የአጥቢ እንስሳት ጠጉር የሚቀለመው በመሠረቱ በሁለት ማቅለሚያዎች፣ በጥቁሩና በቀዩ፣ ነው። የሁለቱ መብዛትና ማነስ፣ መደባለቅና መፍዘዝ ዳማውንም ዳለቻውንም ቡላውንም ያወጣል። ነጭ የሚሆነው ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ያልደረሱበት ወይም ሥራቸውን ያቆሙበት ቦታ ነው፤ የቦራ ግንባርም እንደዚሁ ነው። ነጭ ከሚባሉት ፈረሶች አብዛኞቹ ሲወለዱ ጠቆር ያሉ ሆነው ከዕድሜ ጋር የሚነጡ ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የምናየው የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስም እንደ ምድር ፈረሶች ቢሆን ኖሮ ውርንጭላ ሳለ ጠቆር ያለ ይሆን ነበር ማለት ነው። ሰማያዊ ግን ከየትም አይመጣም። ጥቀርሻ፣ ቀይ አፈር፣ አመድና ዱቄት፦ እኛ እረኞቹ ሳናውቀው የተፈጥሮን የቀለም ሣጥን ይዘን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የራያና ቆቦ ሰው በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱን ድርቅ የሚያስታውሰው በሰው ብቻ አይደለም። አያቴ ስለ ሰባ ሰባት ሲናገሩ ስንት ከብት እንደሞተባቸው አይነግሩም። «ቦራው ለእህል ተሸጠ። ዳማው ሜዳው ላይ ቀረ። ዳለቻዋ ላም ጥጃዋን እያየች ወደቀች» ነው የሚሉት። ያን ጊዜ አባቴ ልጅ ነበር። በዓመቱ ዝናብ መጥቶ ዋልካው ሲርስ አባቴ ከጭቃ ሁለት በሬ ሠራ፤ አንዱን ቀይ አፈር ቀባው፣ ለሌላው ግንባሩ ላይ ነጭ አደረገለት። አያቴ ወጥተው አዩትና ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ። በዚያ ክረምት በበረታችን የነበሩት በሬዎች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ብዙ ሰው ከብቱን አጣ። ኋላ ላይ የጠፋው ንብረት ይመዝገብ ተባለና አያቴን ይዤ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አያቴ ከዘራቸውን ተደግፈው «አንደኛው ጉራች ነው፣ ግንባሩ ቦራ፣ የግራ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ...» ብለው ጀመሩ።

ጸሐፊው በትሕትና «አባቴ፣ ብዛቱን ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው።

ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ለቁጥር ብቻ ነበር። አያቴ ትንሽ ዝም ብለው «ሁለት» አሉ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር ለቆላቸዋል። ነገር ግን «ሁለት» ተብሎ የተጻፈ በሬ ተመልሶ ቢመጣ በምን ይታወቃል?

ከአልቫሬዝ እስከዚያ ቅጽ ድረስ የገበሬው ከብት ሲጻፍ በቁጥር ነው። መልኩን የያዙት እረኞችና ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ይህም መልካም ነው፤ እኔም ከዚያው ነኝ። ይሁንና ቃሉ ሳይጻፍ ጭቃው እየደረቀ ነው። ታናሽ ወንድሜን ዳለቻና ቡላ በምን ይለያሉ ብዬ ብጠይቀው «ሁለቱም ግራጫ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ ለኛ ለሰብአዊ ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። በየሠፈራችን ያሉትን የከብት መልኮች ስም ከነፍቺያቸው፣ የየቤቱንም የቀድሞ በሬዎች መልክ ከሽማግሌዎች አፍ እንጻፍ። የአባ ታጠቅና የአባ ዳኘው ታሪክ ጸሐፊ አላጣም። የዳማውንና የቦራውን ግን እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል? እኔ ከአያቴ ጀምሬአለሁ። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ጉራች፣ ግንባሩ ቦራ፣ የግራ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ» የሚል ሰፍሯል።

ይቆየን።